እሺ የማትለዋ ደጊቱ

እንጅባራ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ አንድም ጊዜ «እሺ» ሳትል ውላ የምትገባ ሴት አለች ቢባል ማን ያምናል? በእኛ አገር እሺ ሳይባል ክብሪት እንኳ አይገዛም። ስልክ ስንዘጋ እሺ፣ ባለባጃጁ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲለን እሺ፣ የማንሄድበት ድግስ ስንጠራም እሺ ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ተብሎስ የለ! ከወይዘሮ ደጊቱ አፍ ግን ይህ ቃል አይወጣም። ሰው ሲያወራት ራሷን እንኳ አትነቀንቅም። ዓይኗን ተክላ ዝም ብላ ትሰማና ተናጋሪው ሲጨርስ «ልድገመው» ትላለች። ከዚያ የተነገራትን ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ መልሳ ትናገራለች፤ ስትጨርስም «ያጎደልኩት አለ?» ብላ ትጠይቃለች። በዚህ ምክንያት ከተማው «እትዬ ልድገመው» ይላታል። ስሙን ታውቀዋለች፤ አትቀየምም። ነገሩ ከየት እንደመጣ ግን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የምትሠራው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ የኪራይ ቤት ውስጥ ነው። «የቤተሰብ ምክርና ድጋፍ ማኅበር» የሚለውን የቆርቆሮ ጽሑፍ ዝናቡና ጭጋጉ ስለበሉት ከሩቅ የሚነበበው «ቤተሰብ» የሚለው ብቻ ነው፤ እሱም ይበቃል። ማኅበሩ የመንግሥት አይደለም፤ የመጣውንም ሰው አያስከፍልም። ሦስት ክፍሎች አሉት። በአንዱ ይሰማል፣ በአንዱ ይጻፋል፣ በሦስተኛው ደግሞ ማደሪያ ላጣ ሰው የተዘጋጁ ሁለት አልጋዎች አሉ። ከጥሊሊ ደጋ፣ ከጫግኒ ቆላ ሰው ይመጣል፤ ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ በአንድ ጣራ ሥር የኖሩ ባልና ሚስት፣ መሬቱን ለልጆቹ አካፍሎ ጧሪ ያጣ ሽማግሌ፣ ከእንጀራ እናቷ ጋር መኖር ያቃታት ልጅ። ገበናውን ለጎረቤት ከሚያወጣ ለማያውቀው ሰው መንገር የሚቀለው ብዙ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ገበሬ ከሚስቱ ጋር ሊፋታ መጣ። የጠቡ ምክንያት ኮርቻ ነው። ሰውየው ለጥር ጊዮርጊስ የፈረስ ትርዒት አዲስ ኮርቻ አምሮት የሚስቱን በጎች ሸጧል። ደጊቱ ሁለቱንም ሰምታ ስታበቃ «ልድገመው» አለች። «እርስዎ ያሉት፣ ፈረሴ ካላማረ ሰው ይንቀኛል ነው። እርስዎ ደግሞ ያሉት፣ ፈረሱን የሚያየው ሰው ሁሉ የእኔን ባዶ እግር አያይም ነው። ያጎደልኩት አለ?» ሰውየው ዞር ብሎ የሚስቱን እግር አየ። «ይህን ብለሽ ታውቂያለሽ?» አላት። «ሦስት ዓመት ሙሉ» አለችው። ያን ቀን አብረው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ኮርቻውን ይሽጡት አይሽጡት ማኅበሩ አያውቅም።

እንዲህ ያለ ሰሚ መሆን የቻለችው ግን አንድ ጊዜ ሳትሰማ ሰምቻለሁ ስላለች ነው። ታሪኩ ከጥሊሊ ይጀምራል።

ደጊቱ ጥሊሊ ተወለደች። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እናቷ ደግሞ ከገጠር ያገባት አገው። እናቷ ገበያ ላይ ከእህቷ ጋር ስትገናኝ በአገውኛ ትስቃለች፣ በአገውኛ ታለቅሳለች፤ ለልጆቿ ግን ቋንቋውን አላወረሰችም። በልጅነቷ አማርኛዋ ሲሰበር የሳቁባትን አልረሳቻቸውምና፣ «በልጆቼ አይሳቅም» ብላ የገዛ ቋንቋዋን እንደ ነውር ሸሸገችው። ለደጊቱ የተረፋት የጓዳ አገውኛ ብቻ ነው፤ ነይ፣ ብዪ፣ ተኚ፣ በሩን ዝጊ። ሰላምታውንም ታሳምረዋለች። ሰላምታ ያሳመረ ሰው ደግሞ ሁሉን የሚያውቅ ይመስላል።

አድጋ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነች፣ አገባች፣ ፈታች፣ አንዲት ልጇን ብቻዋን አሳድጋ ባሕር ዳር ዳረች። ማኅበሩ «አማርኛና አገውኛ አጥርታ የምትናገር አማካሪ» ይፈልጋል የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋ ነበር። ፈታኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው። «አገውኛ ይችላሉ?» አላት። «የእናቴ ቋንቋ አይደል እንዴ!» አለችው። እውነቷን ነው፤ የእናቷ ቋንቋ ነው። የእሷ ግን አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልነቃባትም። አብዛኛው ባለጉዳይ አማርኛ ይችላል፤ የማይችለውም አስተርጓሚ ዘመድ ይዞ ይመጣል። ውሸት ሲውል ሲያድር እውነት ይመስላልና እሷም ረሳችው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በግንቦት መጨረሻ፣ ሸጋ የምትባል ሴት መጣች። በአዲስ ቅዳም መንገድ ካለ አንድ መንደር ነው የመጣችው፤ ሠላሳ ያልሞላት፣ አማርኛ የማትችል፣ የስድስት ዓመት ልጇን ጭኗ ላይ ያስቀመጠች። ዘመድ አላስከተለችም። ባሏ ሽመክት ከሰል ነጋዴ ነው፤ ስለሚደበድባት ነገሩ በሽማግሌ ተይዞ ነበር። ሦስት ሽማግሌዎች ማኅበሩ ቤት ተቀምጠው ባልየውን ሰሙና ውጭ ቆይ አሉት። ተራው የሸጋ ሆነ።

ያን ሰዓት ዝናቡ ወረደ። ቤቱ ያኔ ኮርኒስ የለውም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው እንኳ አይደማመጥም። ሸጋ ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ፣ አንገቷን ደፍታ፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው ለደጊቱ ብቻ በአገውኛ ተናገረች። ረጅም ነገር ነው። ትፈጥናለች፣ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ ታቆማለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ደጊቱ «ልጅ» የሚለውን ለየች፤ «መንገድ» የሚለውንም ለየች፤ የቀረው እንደ ዝናቡ ወረደባት። አልገባኝም ማለት ነበረባት። ግን ሁለት ዓመት እችላለሁ ብላ የኖረች ሴት በሦስት ሽማግሌዎች ፊት እንዴት ብላ ታውጣው? ስለዚህ ሸጋ ባቆመች ቁጥር ራሷን ነቀነቀች። «እሺ» አለች፤ «እሺ የኔ እህት፣ እሺ።» እየሰማሁሽ ነው ማለቷ ነበር።

በመጨረሻ ሸጋ ቀና አለች። ደጊቱን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ ያን ቀን ከአፏ የወጣውን አንድ የአማርኛ ቃል ጮክ ብላ ተናገረች፤ «ይሁን።»

ይህን ሽማግሌዎቹም ሰሙ። «ይሁን ካለች አበቃ» ብለው ተነሥተው መረቁ። ደጊቱም ቅጹ ላይ «ባለጉዳይዋ ወደ ትዳራቸው ለመመለስ ተስማምተዋል» ብላ ጻፈች። ሸጋ አውራ ጣቷን አተመች፤ ፋይሉ ተዘጋ። «ይሁን» ምን ዓይነት ቃል እንደሆነ ያን ቀን ያሰበበት የለም። ደስ ያለውም ይሁን ይላል፣ አንጀቱ ያረረውም ይሁን ይላል።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሸጋን ወንዝ ወሰዳት የሚል ወሬ መጣ። አንዱ ልትሻገር ስትል ነው አለ። ሌላው ራሷን ጥላ ነው አለ። ሦስተኛው ምንም ሳይል ዝም አለ፤ ለደጊቱ የከበዳት የእሱ ዝምታ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ ቆርቆሮ በመታ ቁጥር የሸጋ ድምፅ ይመጣባታል። እንጅባራ ላይ ደግሞ ዝናብ የማይጥልበት ወር የትኛው ነው? ቃሉ የለም፤ ዜማው ብቻ ነው የሚመጣው። ይፈጥናል፣ ዝቅ ይላል፣ ያቆማል። ባቆመበት ላይ ደግሞ የራሷ የደጊቱ ድምፅ «እሺ» ይላል። ቤቷ ሆና ሰሃን ስታጥብ ትሰማዋለች፤ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ትሰማዋለች። አስተባባሪው ሀይለመለኮት ለጣራው ኮርኒስ እንዲያሠራ ነጋ ጠባ ወተወተችው። ረጂዎቹ «ኮርኒስን ከቤተሰብ ምክር ጋር ምን አገናኘው?» ብለው ጻፉ፤ እሷ ግን አልለቀቀችም፤ ተሠራ። የዝናቡ ጩኸት ረገበ። ድምፁ ግን ዝናቡ ሲቀንስለት ይበልጥ ጠራ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱን፣ አያ ገበየሁን፣ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ጠየቀቻቸው። «አያ ገበየሁ፣ ያን ቀን ሸጋ ያለችው ትዝ ይልዎታል?»

«ምኑን ሰምቼው ልጄ! ዝናቡ መቼ አሰማን» አሏት። «አጠገቧ የነበርሽው አንቺ። እሺ፣ እሺ ስትያት አየን፤ እንግዲያው ነገሩ ገብቷታል ብለን መረቅን።»

እሳቸው በእሷ ተማምነዋል፤ እሷም፣ አገውኛ የአፍ መፍቻቸው ነውና፣ በእሳቸው ተማምና ነበር። ወደ ቤቷ ተመለሰች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ለማንም አልተናገረችም። ለንስሐ አባቷ እንኳ «ዋሽቻለሁ» አለች እንጂ ምን ብላ እንደዋሸች አልነገረቻቸውም።

ያደረገችው አንድ ነገር ነው፤ ቋንቋውን መማር። መንገድ ዳር ድንች ከምትሸጥ አንዲት ሴት ጎን በርጩማ አስጠግታ፣ ደብተር ይዛ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቃል ትለቅም ጀመር። ሴትዮዋ እስኪበቃት ሳቀችባት። እናቷ የሸሸችው ሳቅ ነው፤ ደጊቱ ቁጭ ብላ ተቀበለችው። በአራት ዓመት ውስጥ ወሬውም፣ ሙሾውም፣ ቀልዱም ገባት። ግን ምን ዋጋ አለው? የሸጋ ንግግር ቃሉ ፈስሶ ዜማው ብቻ ስለቀረ የሚተረጎም ነገር አልነበረውም። እሺ ማለትን የተወችውና «ልድገመው» ማለት የጀመረችው ያኔ ነው።

ዘንድሮ ጾሙ ሲጋመስ፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንዲት ልጅ ብቻዋን መጣች። ቀጠን ያለች፣ የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሰች ልጅ ናት። አማርኛዋ የጠራ ነው።

«ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ ወዲህ አባቴ፣ ቤት ቁጭ ከምትይ አግቢ ብሎኛል» አለች። «ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። አሥራ ስምንት ሞልቷታል ብሎ ለቀበሌ ነግሯል፤ እኔ ግን ገና አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ዳንግላ አክስቴ አለች። እሷ ጋ ሆኜ መማር ነው የምፈልገው።»

ደጊቱ ደገመችላት። ያጎደለችው አልነበረም። ቅጹን ሳበችና «ስምሽን ንገሪኝ የኔ ልጅ» አለቻት።

«ቤዛዊት ሽመክት።»

«የእናትሽስ?»

«ሸጋ።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆመ። ውጭ ፀሐይ ነው፤ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ድምፁ ግን መጣ።

«ገና በር ላይ ሳይዎት ነው ያወቅሁዎት» አለች ልጅቱ። «ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ቀን እናቴ ሁሉን ነገረችዎት። እርስዎም እሺ አሏት። ታዲያ ለምን ሳይመጡ ቀሩ?»

«ወዴት?» አለች ደጊቱ።

«መኪና አጥታችሁ ነው አይደል? እኔ ሁልጊዜ፣ መኪና አጥተው ነው እላለሁ።»

እንግዲህ ልጅቱ ውሸቱን ራሷ አዘጋጅታ አቀረበችላት። ደጊቱ «አዎ፣ መኪና አልነበረንም» ብትል ቤዛዊት ትፈርማለች፣ ጉዳዩ ወረዳ ይደርሳል፣ ሠርጉ ይቆማል። እውነቱን ብትናገር ግን ልጅቱ ተነሥታ ብትሄድ ማን ይፈርድባታል? ከዚህ ወጥታ ደግሞ የምትገባው ሽመክት ቤት ነው። ያለ ልጅቱ ቃል ጉዳዩ አንድ እርምጃ አይራመድም። ደጊቱ ይህን ሁሉ አሰበች። ደግሞም ፈራች፤ በዚህ ዕድሜዋ ስሟን፣ ሥራዋን፣ ሰው ፊት የምትቆምበትን ሁሉ አስባ ፈራች። ግን ለዚህች ልጅ ሁለተኛ ልትዋሽ አልቻለችም።

«አልገባኝም ነበር» አለች።

«ምኑ?»

«እናትሽ ያለችው። ያኔ አገውኛ አልችልም ነበር። እችላለሁ ብዬ ዋሽቼ ነው የተቀጠርኩት። እሺ ያልኳት አልገባኝም ማለት አፍሬ ነው።»

ቤዛዊት ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ፣ ወረቀቱን ሳትፈርም ወጣች።

ደጊቱ ነጠላዋን ለበስ አድርጋ እየሮጠች ወጣች። በሩ ላይ ሀይለመለኮትን አገኘችው። ነገሩን በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገረችው፤ ዘጠኝ ዓመት የደበቀችውንም ጨምራ።

«ወዴት ነው የሚሄዱት እትዬ ደጊቱ?» አላት ግራ ገብቶት።

«ልጅቱ ወደምትሄድበት። አንተ ወረዳው ጋ ደውል።»

መናኸሪያው ስትደርስ ቤዛዊት የአዲስ ቅዳም ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀምጣለች። ደጊቱ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች። ልጅቱ አልዞረችም። መኪናው ሞልቶ ተነሣ። ከከተማው ሲወጡ ሀይለመለኮት ደወለ፤ የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ባለሙያ ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር መንደሩ መገንጠያ ላይ ትጠብቃለች። «ግን እትዬ፣ ልጅቱ በራሷ አፍ ካልተናገረች ምንም ማድረግ አይችሉም» አላት። ደጊቱ ስልኩን ዘጋች። በመንገዱ ግራና ቀኝ ለከሰል የተተከለው ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ ያልፋል፤ አልፎ አልፎ ጢስ ይታያል።

ከዚያ ቤዛዊት ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ በአገውኛ መናገር ጀመረች።

ደጊቱ ከመጀመሪያው ትንፋሽ ዜማውን አወቀችው። ይፈጥናል፣ ዝቅ ይላል፣ ያቆማል። ዘጠኝ ዓመት ያሳደዳት ድምፅ በልጅቱ አፍ መጣ፤ አሁን ግን ቃል ነበረው።

«እኔንስ ይምታኝ፤ ለምጄዋለሁ። አሁን ግን እጁ ወደ ልጄ ዞረ። ዛሬ አብሬው ካልሄድኩ ነጥቆኝ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዛሬ እሄዳለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰሉን ይዞ ገበያ ይውላል። ቅዳሜ ልጄን ይዤ መንገዱ ዳር እቆማለሁ። መጥተሽ ውሰጅን። ትመጫለሽ?»

ቤዛዊት አቆመች። «እዚህ ላይ እሺ አሏት» አለች በአማርኛ። ከዚያ በአገውኛ ቀጠለች። «ለሽማግሌዎቹ አትንገሪ፤ እነሱ ለእሱ ይነግሩታል። እኔና አንቺ ብቻ እንወቀው።» እንደገና አቆመች። «እዚህም እሺ አሏት። ከዚያ ይሁን አለች።»

ደጊቱ ራሷን አልነቀነቀችም። እንባዋ እየወረደ፣ ተሳፋሪው ዞር ዞር እያለ እያያት፣ የሸጋን ቃል አንድ በአንድ በአገውኛ መልሳ ተናገረች። ሁለት ጊዜ ድምፅዋ ተቆረጠ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከቆመችበት ቀጠለች። ስትጨርስ፣ «ያጎደልኩት አለ?» አለቻት።

«አለ» አለች ቤዛዊት። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየቻት። «ሰባት ቅዳሜ ቆመን ጠበቅንዎት። መኪና ባለፈ ቁጥር እናቴ፣ እንዲህ ብያታለሁ፣ እሺ ብላኛለች እያለች ትነግረኝ ስለነበር ነው በቃሌ የያዝኩት። በስምንተኛው ቅዳሜ ወንዙ ሞልቶ ነበር። እኔን ጎረቤት አስቀመጠችኝ። ያቺ እሺ ያለችኝ ሴት መንገዱ ጠፍቷት ይሆናል፣ ሄጄ ላምጣት አለች።»

ሸጋ ራሷን አልጣለችም፤ የጣላትም የለም። ወደ ደጊቱ ስትመጣ ነው የሞተችው። ደጊቱ ይቅር በዪኝ ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ለነገሩ በጣም አነሰባትና ዘጋችው።

አንድ ቁልቁለት ጨርሰው መገንጠያው ታየ። አንዲት ሴትና አንድ ሰውዬ ከመንገዱ ዳር ቆመው መኪናውን እያዩ ነበር።

«ወራጅ አለ!» አለች ቤዛዊት።

«ስንት ሰው ነው?» አለ ረዳቱ በሩን ይዞ።

ልጅቱ ቦርሳዋን አነሣች። ደጊቱ ከመቀመጫዋ አልተነቃነቀችም፤ አብራ እንድትወርድ ትፈቅድላት እንደሆነ አታውቅም። ቤዛዊት ቁልቁል አየቻት።

«ሁለት» አለች።